ለእግዚአብሔር አፍ አለው

«ለእግዚአብሔር ሲሆን አፍ አለው፤ የዘጋው ለሷ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሿን ለመሰብሰብ በቆመችበት ነው። ድምፁ የባሏ ታላቅ እህት ነው። ከላይ፣ ከልብስ ሰፊዋ በር ፊት ለፊት፣ ከጎረቤትየዋ ጋር ቆማ ነው የምታወራው። ጎረቤትየዋ ባለፈው ወር ልብስ ሰፊዋ የልጇን ሱሪ በነፃ ያሳጠረችላት ናት። «ምን ብታደርገው ነው ግን?» አለች ይህችው ባለሱሪ። «እኔ ምኑን አውቄ፤ ሰው ዝም ብሎ ዝም አይልም።» ልብስ ሰፊዋ ባለችበት ተገትራ ቀረች። ከዚያ ያደረገችው ነገር በኋላ ራሷንም አሳፈራት፦ ወጥታ ፊት ለፊት መናገር ሲገባት፣ ሰዎቹ ወሬ እንዲቀይሩ ጊዜ ልትሰጣቸው ጮክ ያለ ሳል አሰማች። ላይ ስትደርስ ወሬው ዘይት ላይ ነበር፤ ዘይት ጣሪያ ነክቷል፣ ደግሞ ጥራቱም ወርዷል ተባለ። እሷም አዎ፣ ወርዷል አለች።

«መጣሽ?» አለች እህትየዋ፣ ወንድሟን ስትጠብቅ ቆይታ ለአንድ አፍታ ብቻ ብቅ ያለች መስላ። «መስኮቱን ዘግቼልሻለሁ፤ ነፋስ ይመታዋል። ከሰዓት ሽማግሌውን ጋሽ ሒሳብን ይዤ እመለሳለሁ። ዛሬ ነገሩ እልባት ያግኝ።»

«የምን ነገር እትዬ?»

«የወንድሜ ነገር ነዋ። እኔ ዘንድ ቢሆን ይሻለዋል። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለው፣ ግቢው ሰፊ፣ ፀሐይ እንደልብ። አንቺም ታርፊያለሽ። በግድ አይደለም ደግሞ፣ እሱ ራሱ ይጠየቃል።»

ልብስ ሰፊዋን ያስደነገጣት ይህ የመጨረሻው ነው። እሱ ራሱ ይጠየቃል። ባሏ የሚጠየቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራ ነበር? ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀ ወዲህ፣ ቀኝ እጁን ብቻ ሳይሆን የዓለምን ቃል ሁሉ ያጣ ሰው ነው። አንዲት ብቻ ቀረችለት፤ «እሺ»። ውሃ ልስጥህ ሲሉት እሺ፣ አመመህ ሲሉት እሺ፣ ማን ነኝ ሲሉት እሺ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ምላሱ ይህችን ይዞ ሙጭጭ አለ። የሚያስቀው ደግሞ፣ በደህናው ዘመን ይህ ሰው ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ መሆኑ ነው። የመዘምራን መሪ ሆኖ ሲያገለግል ሰው ሁሉ «መሪው» ነበር የሚለው፤ ቤትም ውስጥ መሪው እሱ ነበር። ሚስቱ ሶፋው ወዲህ ይምጣ ስትለው ወዲያ ይሻላል ይላል። ስንት ዘመን አንድ እሺ ለመስማት ስትጓጓ የኖረች ሴት፣ አሁን ከጠዋት እስከ ማታ እሺ ሲዘንብባት ትውላለች። የሚባለውን ሁሉ ግን ይሰማል፤ ይገባዋልም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ፣ ያሰበው እንዳልሆነ ሲያውቅ፣ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ዝማሬው ሌላ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በወሰዱት ቀን፣ መዘምራኑ ድሮ እሱ ያስተማራቸውን መዝሙር ሲጀምሩ፣ በከዘራው ተደግፎ ብድግ አለና ከዳር እስከ ዳር አወረደው። ቃል አልሳተም፣ ዜማ አልሰበረም። ሰው በእንባ ታጠበ፤ ተአምር ተባለ፤ የማያውቃት ሰው ሁሉ እየመጣ አቀፋት። እሷም ከሁሉም በላይ ደስ ብሏት፣ ምላሱ ተፈታ ብላ፣ ታክሲ ውስጥ ገና እጁን ይዛ «በል ስሜን ጥራኝ» አለችው። እሺ አላት። ሐኪሙ ኋላ ሲያስረዳት፣ ንግግር በአንድ በኩል፣ ዜማ በሌላ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ የተጎዳው የንግግሩ ነው፣ ትዕግሥት ነው አለ። ገባት። የሐኪሙ ገባት፤ ያልገባት የእግዚአብሔር ነው። ከአንድ ሰው አፍ ላይ ያንተን ድርሻ ለይተህ አስቀርተህ የእኔን እንዴት ትወስዳለህ? ብላ ቤቷ ገብታ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ጠየቀችው። ምስጋናህ አንድ ቃል ሳይጎድልበት ቀረልህ። እኔ ስሜን እንኳ ተከለከልኩ። ለምን እንደሆነ እስክትነግረኝ ድረስ ከእኔ አፍ መዝሙር አትሰማም። ይህን ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ ይዛው ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ እሱ ይዘምራል፣ እሷ አፏን ገጥማ የፊተኛውን ወንበር ታያለች። ይህን ደግሞ ያየ አየ። መዝሙሩ ውስጥ ወንዶቹ ከመሩ በኋላ ሴቶቹ የሚቀበሉበት ቦታ አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የዚያ ቅብብል ቀዳሚ ድምፅ የነበረችው እሷ ናት። ድምፅ ከጎደለ ይታወቃል። የሰው ወሬም የጀመረው ከዚያ ነው፦ እሱ ሲዘምር እሷ የማትዘምረው ምን አድርጋ ነው?

ዳቦውን ቆርሳ በሻይ አርሳ አበላችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ወጥ ቤት ነው። በአንዱ ግድግዳ አልጋው፣ በአንዱ የስፌት መኪናው፣ መሐል ላይ የእሱ ባለመደገፊያ ወንበር። በቀረው ቦታ ሁሉ የመዘምራኑ አዲስ ጋውን ከተዘረጋ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ለእሷ የሰጠችው ሥራ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ፣ ነጭ ኮሌታ። ከአልጋ ወደ ወጥ ቤት ለመሄድ በጋውኖቹ መካከል በጎን ማለፍ ግድ ነው፤ ስትነካቸው ይወዛወዛሉ፤ ሰው የሞላበት ክፍል ውስጥ ይቅርታ እያሉ እንደማለፍ ነው። መስኮቱ ደግሞ ተዘግቷል። እትዬ የዘጋችውን መስኮት መክፈት ምንም አልነበረም፤ ዛሬ ግን ነፋስ መታው ተብሎ ይህም እንዳይጨመርባት ፈራች። በገዛ ቤቷ መስኮት ለመክፈት ፈራች። መኪናዋን እየረገጠች፣ ከበሩ ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እግሯ እየቆመ፣ የአንዱን ጋውን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው፤ ፈታችው፤ ደግማ ገልብጣ ሰፋችው።

እኩለ ቀን ላይ ባሏ ጤነኛ እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ይመታ ጀመር። ውሃ? እሺ። አመጣች፤ ገፋው። ሽንት ቤት? እሺ። ደግፋ ልታስነሳው ስትል እንደ ድንጋይ ከበዳት። ሬዲዮ? እሺ። ከፈተችው፣ ድብደባው ባሰ። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ እግርህን ላንሳልህ፣ እሺ እሺ እሺ። ያኔ የጠዋቱ፣ የደረጃው፣ የስንት ወሩ ሁሉ ገንፍሎ ወጣባት። «ለእሱ ሲሆን ምላስህ ይፈታል!» ብላ ጮኸችበት። «ለእኔ ምን አለበት? አንዲት ቃል፣ አንዲት! ጠላሁሽም ቢሆን በለኝ!» ባሏ መምታቱን ተወ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እሺ» አላት፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ስትዞር ነው ያየችው፦ በሁለቱ ጋውኖች መካከል ሾልኮ የገባው ፀሐይ ልክ ዓይኑ ላይ ነው ያረፈው። አንዱን ጋውን በእጇ ወደ ግራ ሳብ አደረገችው። ፊቱ ተፈታ። ይኸው ነበር ነገሩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እውነቱን ለራሷ ነገረች፦ እትዬ ትውሰደው። ቃሉ ሲወጣላት ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ምድር ቤት ነው፣ ግቢ አለው፣ እህቱ ናት፣ ደሙ ናት። እኔ ደክሞኛል። ልጅ የለን፣ የሚተካኝ የለ፣ በር ዘግቼ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ እንደ ሌባ ነው የምሮጠው። ከአልጋው ሥር ያረጀውን ሻንጣ ጎትታ ሸሚዞቹን ማጠፍ ጀመረች። እያንዳንዱ ራሷ የሰፋችው ነው፤ የሽባው እጅ ቁልፍ ስለማይቆልፍ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ፈትታ በሚጣበቅ ጨርቅ ተክታቸዋለች። ካልሲ፣ ፎጣ፣ መድኃኒት። ባሏ ከወንበሩ ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ዕቃ እያየ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ማለት አይችል፤ እሷም አልነገረችውም። ሻንጣውን ዘግታ ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ጋሽ ሒሳብ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ሲናገር አንድ፣ ሁለት እያለ ነጥብ የሚያስቀምጥ ደግ ሰው። ከእትዬ ጋር ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበርና፣ መጀመሪያ ስለ ደረጃው ተወራ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ። ከዚያ ስለ ጋውኖቹ፤ ቀለሙ ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ ተባለች። የሰጠችውን ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። አንደኛ፣ ማንም ማንንም ሊከስስ አልመጣም። ሁለተኛ፣ እህቱ ስለ ወንድሟ መጨነቋ ተገቢ ነው። እኔ ልፈርድ ሳይሆን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ምንም አልል፤ እሱ ይናገር» አለች እትዬ፣ ወንበሯን ወደ ወንድሟ ጎትታ። ጉልበቱን ያዘችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የውሸት አልነበረም። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ። አትፍራ። ሚስትህ አስቀይማሃለች?»

«እሺ» አለ።

ጋሽ ሒሳብ ወለሉን አየ። የባሏ ፊት ላይ ያ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር አለፈ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ አፉ ሌላ ነገር ለመፍጠር ተጣመመ፤ የወጣው ግን ያው ነው። «እሺ። እሺ።»

«ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?»

«እሺ።»

«ሰማህ ጋሽዬ?» አለች እትዬ፣ ዞር ብላ። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ ነበር። መከራከር አልፈለገችም፤ ሻንጣው እንደሆነ ተዘጋጅቷል። ግን በዳይ ተብላ መሸኘቱ አንጀቷን አቃጠላት። «ሌላ ቃል የለውም እኮ እትዬ» አለች። «ይኸው እኔም ልጠይቀው። አንተ፣ እትዬ ሌባ ናት?» እሺ አለ። ጋሽ ሒሳብ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እትዬ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «በአፉ ልታሰድቢኝ ነው? ድሮስ ፈርቶሽ ምን ይበል!» ልብስ ሰፊዋ ያኔ መውጫ እንደሌላት ገባት። እሺ ሲላቸው ምስክር ነው፤ እሺ ሲላት ፈርቷት ነው። ዝም ብትል ጥፋተኛ፣ ብትናገር ምላሰኛ። «ደግሞ ሲዘምርስ?» አለች እትዬ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ያን ሁሉ መዝሙር ቃል በቃል የሚያወርድ ሰው ነው መናገር የማይችለው? በል እስቲ ጋሽዬ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ይኼ በየት በኩል ይገባል?»

«አይገባም» አለ ጋሽ ሒሳብ፣ ቀስ ብሎ። «ለእኔም አይገባኝም። አንዳንዱ ነገር በእኛ ስሌት አይወጣም፤ ሠሪው ያውቃል።» ልብስ ሰፊዋ ይህን አባባል በስንት ለቅሶ ቤት ስትሰማው ኖራለች። ጠላችው። ሠሪው ያውቃል፤ አውቆስ?

ያኔ ነው ባሏ መዝሙሩን ያነሳው። ማንም አልጠየቀውም። ጤነኛ እጁ የወንበሩን መደገፊያ አንቆ ይዞ፣ አንገቱ ተወጥሮ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ «የሠራኸው ሁሉ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ዓይኔ ያጣውን መንገድ አንተ ነህ የምታየው» ብሎ መራ። እትዬና ጋሽ ሒሳብ ወዲያው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እትዬ እጇን ዘርግታ የሴቶቹን ቅብብል ተቀበለችው። ባሏ ቆመ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መቀበያው ጋ ሲደርስ እትዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገባች፤ እሱም «እሺ!» ብሎ አቋረጣት፤ እሺ ያን ያህል ስድብ የሚመስል መሆኑ በዚያ ቤት ያኔ ነው የታወቀው። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። መቀበያው ጋ ሲደርስ እጁን እህቱ ላይ አነሳ፤ ቆይ እንደማለት። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ዓይኑን ከሚስቱ አፍ ላይ ተከለው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ የተጠየቀችው ምን እንደሆነ አልጠፋትም። ሰውየው ያለው ቋንቋ አንድ ነው፤ በዚያው፣ እዚህ ልቅር ወይ ብሎ እየጠየቃት ነው። መልሱንም እዚያው ላይ ነው የሚጠብቀው። ዝም ብትል ደግሞ ሁሉ ነገር ያልቃል፦ ማንም አባረረችው አይላትም፣ ሻንጣው ከበሩ ኋላ ነው፣ ማምሻውን መስኮቱን በሰፊው ከፍታ አልጋው ላይ እንደልቧ ተንጋላ ትተኛለች። እናቷ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። አፍ መግጠም ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ እሱን ደግሞ ስንት ሰንበት ተለማምዳዋለች። መሐላም አለባት። ለምን እንደሆነ አልተነገራትም። ዛሬም የሚነግራት እንደሌለ፣ ነገም እንደማይኖር፣ እዚያ ጋውኖች መካከል ቆማ በደንብ ታወቃት። ባሏ ግን ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት የነበረው እሱ ነበር፤ ሁሉን ተቀምቶ የቀረችለትን አንዲት ነገር ይዞ በየሰንበቱ የሚነሳው እሱ ነው። የቅብብሉን ቃል በልቧ አነሳችው። ሐሰት ፈለገችበት፤ አንዱን ቃል ይዛ ይኼ ውሸት ነው፣ አልልም ልትል ፈለገች። አላገኘችም።

ለአራተኛ ጊዜ መራ። ድምፁ ደክሟል።

«ባይገባኝም እዘምራለሁ» ብላ ተቀበለችው። ስንት ወር ያልሠራ ጉሮሮ ነው፤ ተሰነጠቀ፣ ከዜማው ወጣ፣ ተመለሰ። «ደጅህ ቆሜ አመሻለሁ።» ቆሜ ስትል ወለሉ ላይ፣ ከተከመረው ቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል፣ ተንበረከከች። መንበርከኳ ለባሏ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሱ ቀጠለ፤ እሷም ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ተአምር ያለ ሰው አልነበረም። ምላሱ አልተፈታም፣ ሽባ እጁም አልተነሳም።

ጋሽ ሒሳብ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ፤ «እንሂድ እህቴ» አለ፤ አንደኛ ሁለተኛ አላለም። እትዬ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ሻንጣውን አየችው፤ ልብስ ሰፊዋንም አየቻት፤ ሻንጣው ለምን እንደተዘጋጀ ገባት። ክፉ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። «እሱ ግን ስምሽን አልጠራም» አለች ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷም እያዘነች።

«አልጠራም እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኮቴያቸው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ቆማ ጠበቀችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ክፍሉ ያው ክፍል ነው። ጋውኖቹ ያው ናቸው፣ እራት ገና አልተሠራም፣ ነገም ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ መሮጧ አይቀርም፤ ይህን አሁን ራሷ መርጣው ነው የቆለፈችበት፤ ፍርሃቱም አልለቀቃት። «ለምን?» አለች ጮክ ብላ። ማንም አልመለሰላትም። ባሏ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው መራ። እንግዳ የለ፣ የሚያለቅስ የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ። እሷም መቀበያው ጋ ሲደርስ፣ መልስ ላልሰጣት አምላክ ዘመረችለት።